ሮቤ 38 ዲግሪ?

ዛሬ የራሴን ጉድ ነው የምጽፈው። እዚህ ቻናል ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሌላውን ጉድ ስለምጽፍ፣ አንድ ቀን ተራው ለእኔ ቢደርስ አይከፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በየካቲት ወር፣ ስለ ባሌ ድርቅ አንድ ዘገባ እንድሠራ ተጠየቅኩ። ፍሪላንስ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ የሚከፈልህ በጽሑፍ ነው፣ የመኪናና የአልጋ የሚሰጥህ የለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ፣ ለማንም ክፍት የሆነ የሳተላይት ካርታ በኢንተርኔት ከፈትኩና ባሌን አጉልቼ አየሁ። በሮቤ ዙሪያ ያለው የስንዴ ሜዳ ቀልቷል። ጣቴን ሳሳርፍበት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚል ቁጥር ወጣ። ደነገጥኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስም አለኝ፣ ርዕስ ተገኘ ማለት ነውና። «የሮቤ ሙቀት 38 ዲግሪ ደረሰ» ብዬ ላክሁት፤ ወጣ፤ ሰዉም ተቀባበለው።

በማግስቱ አጎቴ ደወሉ። አጎቴ ከሮቤ ወጣ ብሎ ሲናና ውስጥ ስንዴ የሚያርሱ ሰው ናቸው፤ ልጅ ሆኜ የትምህርት ቤት ዕረፍቴን የማሳልፈው እሳቸው ዘንድ ነበር። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ሳቃቸው መጣ።

«አንተ ልጅ፣ ሮቤ ሠላሳ ስምንት? እኔ እኮ ጋቢዬን ደርቤ ነው የማናግርህ! ወይስ የደሎ መናውን ሙቀት አምጥተህ እኛ ላይ ጫንክብን?»

«ጋሼ፣ ሳተላይት ነው ያለው፤ እኔ አላልኩም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ሳተላይቱ ይምጣና ከእኔ ጋር በረንዳ ላይ ይቀመጥ። ጋቢ እሰጠዋለሁ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ተናደድኩ። የተናደድኩት በእሳቸው ነው፣ በራሴ አይደለም። የተማርኩት እኔ፣ ዲግሪ ያለኝ እኔ፣ ቁጥሩን በዓይኔ ያየሁትም እኔ። እሳቸው ያላቸው ጋቢ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ትዕቢት ሰው ላይ ሳየው ያስጠላኛል፤ ያን ዕለት ግን የራሴ ነበርና አልታየኝም።

በወሩ መጨረሻ ለሌላ ሥራ ሮቤ ሄድኩ። ነገሩ ሆዴን ስለቆረጠኝ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ የሚሠራ አንድ ሰው ፈልጌ አገኘሁ። ስሙን አልጠራም። እሱ መግለጫ የመስጠት ሥልጣን የለውም፣ እኔም መግለጫ አልጠየቅኩትም፤ ሻይ ጠጥተን ወደ ሜዳው ወሰደኝ። ሣር የበቀለበት አጥር ግቢ ውስጥ በአራት እግሮች የቆመ፣ ጎኑ እንደ መስኮት መከለያ የተሸነሸነ ነጭ የእንጨት ሳጥን አለ። በሩን ከፈተልኝ። ውስጡ የዕለቱን ከፍተኛ ሙቀት የሚይዝ የሜርኩሪ ቴርሞሜትርና ዝቅተኛውን የሚይዝ የአልኮል ቴርሞሜትር ተጋድመዋል። ሳጥኑ ነጭ የሆነው ፀሐይ እንዳያግለው ነው፤ የተሸነሸነው ነፋስ እንዲያልፍበት ነው፤ ከፍ ብሎ የቆመውም መሬቱ እንዳያሞቀው። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሰው ይመጣል፣ ያነባል፣ በደብተር ይጽፋል። ዝናብም በዚያው ሰዓት ይለካል። በበዓልም፣ በእሑድም።

«ያን ቀን ስንት ነበር?» አልኩት።

ደብተሩን ገልጦ ጣቱን አሳረፈበት። 24።

እኔ 38 ብያለሁ። በመካከላችን 14 ዲግሪ አለ። 14 ዲግሪ ማለት በሮቤና በአዋሽ ሸለቆ መካከል ያለ ልዩነት ነው እንጂ የመለኪያ ስህተት አይባልም። «ታዲያ ሳተላይቱ ተሳስቷል ማለት ነው?» አልኩት። ሰውዬው መልስ አልሰጠኝም። ከአጥሩ ወጥቶ ወደ ታረሰው ማሳ ሄደና «መሬቱን በእጅህ ንካው» አለኝ። ቀትር ላይ ነበርን፣ 7 ሰዓት ገደማ። ጥቁር አፈር ነው፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀ። መዳፌን ጫንኩበት። ነፋሱ አንገቴን እያቀዘቀዘው መዳፌን ያቃጥለኛል።

«ሳተላይቱ የነካው ይሄንን ነው» አለኝ። «ቴርሞሜትሩ የሚለካው አንተ የምትተነፍሰውን ነው። ማንም አልተሳሳተም። የተሳሳትከው አንተ ነህ።»

እንዲህ ተመክሬ አላውቅም።

እስቲ በተረጋጋ መንፈስ ላስረዳ። እኔ ያየሁት ካርታ ሞዲስ ከሚባለው መሣሪያ የመጣ ነው። ሞዲስ በሁለት የአሜሪካ ሳተላይቶች ላይ ተጭኖ ይዞራል፦ እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ በተወነጨፈው ቴራ እና በ2002 በተከተለው አኳ ላይ። ቴራ ጠዋት ከ4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አኳ ቀን ከ7 ሰዓት ተኩል ገደማ በላያችን ያልፉ ነበር፤ ሌሊትም እንዲሁ ይመለሳሉ። መሣሪያው ቴርሞሜትር የለውም። የሚያየው ከመሬት ገጽ ወደ ላይ የሚወጣውን ኢንፍራሬድ ጨረር ነው፤ ከጨረሩ ተነስቶ የገጹን ሙቀት ያሰላል። ገጹ አፈር ከሆነ የአፈሩን፣ የስንዴ ቡቃያ ከሆነ የቅጠሉን፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ የቆርቆሮውን ማለት ነው። የአንዷ ነጥብ ስፋት 1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር ነው። ደመና ከመጣ ደግሞ ምንም አያይም፤ ያችን ነጥብ ባዶ ይተዋታል። የባሌን ደመና የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

በካርታው ጥግ ላይ «የመሬት ገጽ ሙቀት» የሚል ጽሑፍ ነበረ። እኔ ዘልዬው «የአየር ሙቀት» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ቃል ናት።

የሚገርመው ይህን ጉዳይ በደንብ የመረመሩ ሰዎች አሉ፣ አንዱም የእኛው ሰው ነው። ቀድሞ በአገራችን የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የሠራውና ኋላ በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ዶ/ር ቱፋ ዲንቁ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ጥናት፣ የሞዲስን ቁጥር በአፍሪካ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ካሉ ጣቢያዎች ቁጥር ጋር አስተያይተዋል። ያገኙት ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው። የሌሊቱ የሳተላይት ቁጥር ከጣቢያው ዝቅተኛ ሙቀት ጋር በደንብ ይቀራረባል፤ አማካይ ስህተቱ 2 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። የቀኑ ግን እንደ ወቅቱና እንደ መሬቱ ዓይነት በጣም ይለያያል። ሌሊት ፀሐይ የለችም፤ መሬቱም አየሩም አብረው ይቀዘቅዛሉ። ቀን ፀሐይዋ የምታግለው መጀመሪያ መሬቱን ነው፤ አየሩ ቀስ ብሎ ነው የሚከተለው፣ ነፋስ ካለ ጨርሶ አይደርስበትም። እኔ ከሁለቱ አስቸጋሪውን መርጬ፣ ደረቅ ወር ላይ፣ ባዶ ጥቁር አፈር ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ሆን ብዬ ብሳሳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኝም ነበር።

በማግስቱ ወደ ሳነቴ ወጣን። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጎባ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይጀምራል፣ ወደ ደሎ መና የሚወስደው። ጽዱ ያልቃል፣ አስታው ይመጣል፣ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ይጠፋና ጅብራ ብቻ ሜዳው ላይ እንደ ዘበኛ ቆሞ ታያለህ። ሳነቴ 4,000 ሜትር ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ። ስልኬን አውጥቼ የአየር ሁኔታ የሚነግረውን መተግበሪያ ከፈትኩ። ጎባ ላይ ሆኜ በጠዋት ስከፍተው ከሰውነቴ ስሜት በጣም የቀዘቀዘ ቁጥር ነግሮኝ ነበር። እዚህ ላይ ደግሞ ከስሜቴ የሞቀ ነገረኝ። ሁለቱም ቦታ ላይ ዋሸ።

ምክንያቱ ኋላ ገባኝ። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ከሳተላይትና ከጣቢያ የተሰበሰበ መረጃ በኮምፒውተር ሞዴል ተፈጭቶ የሚወጣ ውጤት ናቸው፤ ሞዴሉም ምድርን በካሬ ይከፋፍላታል። በዓለም ተመራማሪዎች ዘንድ በጣም የሚሠራበት የአውሮፓውያኑ ኢራ 5 የካሬው ጎን 31 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 31 ኪሎ ሜትር ውስጥ ጎባም አለች፣ ሳነቴም አለ። ሞዴሉ ሁለቱን አማክሎ አንድ ከፍታ ይሰጣቸዋል፤ ማንም የማይኖርበትን ከፍታ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል ካልን፣ በጎባና በሳነቴ መካከል 8 ዲግሪ ገደማ አለ። አማካዩ ለጎባ ሰው ብርድ ይጨምርለታል፣ ሳነቴ ላይ ላለ እረኛ ደግሞ ሙቀት ያበድረዋል።

(በነገራችን ላይ ከሳነቴ ምዕራብ ፊንቻ ሀበራ የሚባል ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት መሠረት ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ ይኖሩ ነበር፤ ተራራው በረዶ ግግር በነበረበት ዘመን፣ ፍልፈል እየጠበሱ። ትንበያ አልነበራቸውም።)

ማታ ጎባ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ይህ የላይና የታች ጠብ ሌላ ቦታም አለ ወይ ብዬ ሳነብ አደርኩ። ሄጄ ሄጄ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ደረስኩ። እዚያ አየሩ እጅግ ስስ ነው፤ ባሉን አይደርስበትም፣ ሳተላይት ደግሞ ዝቅ ብሎ እዚያ ቢዞር ይቃጠላል። ሙቀቱን ለማወቅ ከሚያገለግሉት መንገዶች ሁለቱን ላንሳ። አንደኛው ከመሬት ወደ ላይ ሌዘር መተኮስ ነው፤ ላይዳር ይሉታል። ከተወርዋሪ ከዋክብት የረገፈ የሶዲየም ብናኝ በዚያ ከፍታ ላይ እንደ ቀጭን ጉም ተዘርግቷል። በድሮ የመንገድ መብራት ቢጫ ቀለም የተቃኘ ሌዘር ሲነካው ያበራል፤ አቶሞቹ በሙቀት ምን ያህል እንደሚራወጡ ከሚመለሰው ብርሃን ይነበባል። ሁለተኛው ሳተላይት ነው፦ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 2001 የተወነጨፈው ታይምድ፣ በላዩም ሳበር የሚባል መሣሪያ አለ። ሳበር ቁልቁል አያይም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ምድር ጠርዝ አሻግሮ ነው የሚመለከተው፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣውን ጨረር ይለካል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በእኛ ሰማይ ላይ ያለውን የዚያን ከፍታ ሙቀት ያጠኑት በዚሁ የሳበር መረጃ ነው።

ሁለቱን ስታስተያያቸው ብዙ ጊዜ በጥቂት ዲግሪዎች ይለያያሉ፤ አንዳንዴም በብዙ። ለምን? ሌዘሩ የሚያየው በራሱ አናት ላይ ያለችውን ቀጭን ዓምድ ነው፣ ሰማይ ጥርት ባለበት ጊዜ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሌሊት። ሳበር በአንድ እይታ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር አየር አሻግሮ ያያል፤ አንድን ቦታ በሃያ አራቱም ሰዓት ለማየት ደግሞ 60 ቀን ያህል ይፈጅበታል። እዚያ ላይ ያለው አየር እንደ ባሕር ማዕበል በየሰዓቱ ይወጣል ይወርዳል። አንዱ ማዕበሉን፣ ሌላው የማዕበሉን አማካይ ይዞ ሲከራከሩ ማለት ነው። የሮቤውን ሰውዬ አስታወሰኝ፤ ማንም አልተሳሳተም።

ግን አንዳንዴ ይሳሳታሉ፤ ይህንንም አልሸፍንም። እ.ኤ.አ. በ1990 ሮይ ስፔንሰርና ጆን ክሪስቲ የተባሉ ተመራማሪዎች የታችኛውን ከባቢ አየር ሙቀት በሳተላይት መለካት እንደሚቻል አሳዩ። በኋላ የቀጠለው መዝገባቸው የመሬት ጣቢያዎች የሚሉትን ያህል ሙቀት አልጨመረም አለ። ለዓመታት ጭቅጭቅ ሆነ፤ ፖለቲከኞችም ገቡበት። በ1998 ፍራንክ ዌንትዝና ማትያስ ሻቤል አንድ ነገር አገኙ፤ ሳተላይቶቹ በአየር ግጭት ምክንያት ቀስ በቀስ ዝቅ እያሉ ነበር፣ ዝቅ ማለታቸውም የሌለ ቅዝቃዜ ይፈጥር ነበር። በ2005 ደግሞ ሳተላይቶቹ የሚያልፉበት ሰዓት መዛነፉን ለማረም በተሠራው ስሌት ውስጥ ስህተት ተገኘ። ስፔንሰርና ክሪስቲ ስህተቱን ተቀብለው መዝገባቸውን አረሙ። ይህን ሳነብ የእኔ 38 ዲግሪ ትዝ አለኝ። ስልክ ደውዬ ጽሑፉን ላወጣው ድረ ገጽ ስህተቱን ነገርኩ። «ማን ያስታውሰዋል፣ ተወው» ተባልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የቁጥር ጨዋታ ብቻ ቢሆን ይህን ሁሉ አላስነብባችሁም ነበር።

ባሌ ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ ገናና ቦና ይሉታል። በዚያው ዓመት በቦናው፣ ኅዳር ውስጥ፣ ስንዴው ፍሬ እየያዘ ሳለ፣ አንድ ሌሊት ሰማዩ ጥርት አለ። ጠዋት አጎቴ ሲወጡ የታችኛው ማሳ በአመዳይ ነጥቶ አገኙት። የላይኛው፣ ዳገቱ ላይ ያለው፣ ምንም አልሆነም። ብርድ እንደ ውሃ ነው፤ ቁልቁል ይፈሳል፣ ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛል። ከሳምንት በኋላ የታችኛው ስንዴ ዛላው ገረጣ፤ ሲፈለፈል ባዶ ነው።

እኔ ስለዚያ ሌሊት ጣቢያውንም ሳተላይቱንም ጠየቅኩ። ጣቢያው ዝቅተኛ ሙቀት 4 ዲግሪ መዝግቧል። ሳተላይቱ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበር፣ ለዚያች የ1 ኪሎ ሜትር ካሬ 3 ዲግሪ ሰጥቷል። እንደ ጥናቱ ቃል ሌሊት ላይ ተስማምተዋል። ሁለቱም ግን ውርጭ የለም እያሉ ነው። ስንዴው ነው አለ ያለው። ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ሳጥኑም ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ሳተላይቱ ደግሞ ዳገቱንና ረባዳውን አማክሎታል። የአጎቴ የታችኛው ማሳ በሁለቱ መካከል ወደቀች።

ይህን ለአጎቴ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «በሳተላይት የሚከፍል የሰብል መድን አለ እያሉ ያወራሉ። እኔ ብገባ፣ በየትኛው ቁጥር ነው የሚከፍሉኝ?»

መድኑ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ አዲ ሐ ላይ 200 አባወራዎች በዝናብ መጠን ላይ ተመሥርቶ የሚከፍል መድን ገብተው ተጀመረ። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በቦረና ለአርብቶ አደሩ የግጦሹን ልምላሜ ከሳተላይት አይቶ የሚከፍል የከብት መድን አለ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ብልህ ነው። ገምጋሚ በየማሳው መላክ ብዙ ወጪ ነው፤ ተጭበረበርኩ የሚልም አይኖርም። ቁጥሩ ከወረደ ለሁሉም ይከፈላል፣ ካልወረደ ለማንም። ቦረና ላይ ድርቅ ሲመጣ ለሁሉም ስለሚመጣ ካሬው ትልቅ ቢሆንም ብዙ አይጎዳም። ውርጭ ግን እንደዚያ አይደለም። ውርጭ አጥር እየለየ ነው የሚገባው። በእሳቸው ጥያቄ ላይ መልሴ «አይከፍሉዎትም፣ ጋሼ» ነበር። ፕሪሚየሙን ከፍለው፣ ስንዴው ሞቶ፣ ካሬዋ 3 ዲግሪ ናት ተብለው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

እኔ ሳተላይት ይቅር የሚል ሰው አይደለሁም። የጣቢያዎቻችን ብዛት ከአገሩ ስፋት ጋር አይመጣጠንም፤ ያሉትም በብዛት በከተማና በመንገድ ዳር ናቸው። ቱፋ ዲንቁና የአገራችን ሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ኢናክትስ በሚባለው ሥራ ያደረጉት ይህንኑ ክፍተት መሙላት ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ያለውን የሳተላይት መረጃ ወስዶ፣ በጣቢያዎቹ ደብተር እያረሙ፣ ጣቢያ ለሌለበት ቦታ ጭምር ቁጥር ማውጣት። ነገር ግን ማረሚያው ደብተሩ ነው። የጠዋት 3 ሰዓቱ ሰውዬ ቢቀር ሳተላይቱን የሚያርመው የለም። መሥሪያ ቤቶች አዲስ ዲጂታል ሥርዓት ሲያስመርቁ ሪባን ሲቆረጥ ደጋግሜ ዘግቤያለሁ፤ ለነጭ ሳጥን ቀለም ተቀባ ተብሎ ሪባን ሲቆረጥ ግን አይቼ አላውቅም።

ይህን ጽሑፍ ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው የካቲት የሆነው ነው። አንድ ገጽ ያንን የድሮ ዘገባዬን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ፣ ቀኑን አጥፍቶ፣ «ሮቤ 38 ዲግሪ» ብሎ አጋራው። በአስተያየቱ ሥር አንዱ «የዓለም ፍጻሜ» ይላል፣ ሌላው «ሳይንቲስቶች ሁሉ ውሸታሞች ናቸው፣ እኔ ሮቤ ነኝ፣ በረደኝ» ይላል። ይህኛው ልቤን ነካኝ። ሰውዬው እውነቱን ነው፣ በርዶታል። በሳይንቲስቶቹ ላይ እምነት ያጣው ግን በእኔ ምክንያት ነው። ስለዚህ በራሴ ቻናል ላይ በግልጽ ላርመው፦ ያን ቀን የሮቤ የአየር ሙቀት 24 ዲግሪ ነበር። 38ቱ የአፈሩ ነው።

የታችኛውን ማሳ በተመለከተ ባለፈው ዓመት ከመርካቶ አንድ ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚይዝ ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝቼ ላክሁ። የጣቢያው ወዳጄ መጀመሪያ ከራሱ ቴርሞሜትር አጠገብ ሳምንት አቆየውና 0.8 ዲግሪ ከፍ አድርጎ እንደሚያነብ ነገረን። አጎቴ ከጣውላ ሳጥን ሠርተው ነጭ ቀቡት፤ ከስንዴው ቁመት ብዙም ከፍ ሳያደርጉ ረባዳው ላይ ተከሉት። ዘንድሮ በቦናው ሁለት ሌሊት ከዜሮ በታች ወርዷል፤ ሁለቱንም ሌሊት ጣቢያው ከ3 በላይ ነው የጻፈው። አሁን የታችኛው ማሳ ላይ በቦና ስንዴ መዝራቱን ትተው በገብስ ሊሞክሩ ነው።

በየጠዋቱ ይደውሉልኛል። ሰላምታ የለም፣ ቁጥር ብቻ። ዛሬ «ስድስት» አሉና ዘጉት። 0.8 ቀነስኩና ጻፍኩት። የሳተላይቱን ላስተያይ ብዬ ከፈትኩ፤ ካሬዋ ባዶ ናት። ደመና ነው።